በ የሌለበት ሜዳ

ጋሽ ዳልኬ ማረፋቸውን የሰማሁት ጠዋት የሆስፒታሉን ኮሪደር ስወለውል ነው። ልጃቸው አስቴር ከበሩ ወዲያ ቆማ በእጇ ጠራችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ከሦስት ሳምንት ጀምሮ መተኛታቸውን ስለማውቅ ምንም ሳትናገር ገባኝ፤ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወጣሁ።

ትንሽ ከተላቀስን በኋላ ዓይኗን ጠረገችና፣ "ለምሕረት እንዳትነግሪያት" አለችኝ። "ዛሬ ትጋልባለች አይደል? ይህን ሰምታ ፈረስ ላይ ብትወጣ ትወድቃለች። ማታ ሰው ልከን እናረዳታለን።"

ምሕረት ልጄ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ የፈረስ ግልቢያ የሚያሠለጥኑበት ግቢ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የዚያን ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የዝላይ ውድድር ነበረባት። በውድድር ቀን ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች፤ ለምን እንደምትደውል በኋላ እናገራለሁ። እና አስቴር ስትሄድ ለማሰብ የቀረኝ ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነበር።

ልንገራት ወይስ ልደብቃት? እኔ መደበቅ የሚቀናኝ ሰው ነኝ። ልጄ መርፌ ስትወጋ እንኳ "ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ምንም የለም" እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ጋሽ ዳልኬ ደግሞ ለሚጋልብ ሰው ምንም አይደበቅም ባይ ነበሩ። ያን ጠዋት ኮሪደሩን ሁለቴ ወለወልኩት መሰለኝ። እጄ ይሠራል፣ ሐሳቤ ግን እሳቸው ጋ ነበር።

መጀመሪያ ያየኋቸው ልጄን ልወስድ ሄጄ ነው። ምሕረት ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟ ላይ ፀጉር እያየሁ የድመት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት፣ ልጅሽ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካለው ሜዳ ፈረስ ስታሽ ነው የምትውለው አለችኝ። ሥራዬን ሳልጨርስ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ አንድ አጭር፣ አንድ ትከሻቸው ዘንበል ያለ ሽማግሌ፣ ቦቲ ጫማ አድርገው ወደ ኋላ እየተራመዱ ፈረስ ያናግራሉ። ፈረሱ እየተከተላቸው ነው። እሳቸው ወደ ኋላ ሲሄዱ አንድም ቀን ተሰናክለው አላየሁም። ለምን እንዲህ እንደሚሄዱ በኋላ ስጠይቃቸው፣ ፊቷን ካላየሁ ምን እንደምታስብ በምን አውቃለሁ አሉኝ።

"ፊቷን" ያሉት ቦራን ነው። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር ያለው ወንድ ፈረስ ነው። ጋሽ ዳልኬ አማርኛ የተማሩት አዲስ አበባ ፈረስ ጋጣ ውስጥ ስለነበር ወንዱንና ሴቱን እንደመጣላቸው ነበር የሚጠሩት። የከተማችን የሶዶ ወጣቶች ይህን ስለሚያውቁ፣ "ባልደራስ፣ ቦራ ወንድ ነው ሴት?" ይሏቸዋል። እሳቸውም ሳይስቁ፣ "ስትበላ ወንድ ነው፤ ስትሠራ ሴት ናት" ብለው ይመልሳሉ። ባልደራስ፣ የፈረስ አለቃ፣ የሚላቸው ሰው ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለቀልድ ነበር። በልጅነታቸው ከወላይታ ወጥተው ጋጣ ጠራጊ ሆነው ጀመሩ፤ ቀስ በቀስ የሌላ ሰው ፈረስ አሠልጣኝ ሆኑ። ሲያረጁ ሁለት ኮርቻና አንድ ሣጥን ብሩሽ ይዘው ተመለሱ። ከወንድማቸው ሜዳ ለምነው ሦስት ፈረስ ገዙና የፈለገውን ልጅ ያስተምሩ ጀመር።

እኔ ያን ቀን የሄድኩት ልጣላ ነው። በሆስፒታል የማጥበውን ደም፣ ከሞተር ሳይክል ወድቀው የሚመጡትን ሰዎች ነገርኳቸው። እንዳትዋሹኝ፣ ልጄ እዚህ ላይ ብትወጣ ትወድቃለች ወይ አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አይዞሽ፣ አትወድቅም ይለኝ ነበር።

"ትወድቃለች" አሉኝ። "አወዳደቅ አስተምራታለሁ።"

ሰው እንዲህ እውነቱን ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና በቅጠል የተጠቀለለ የተቀቀለ ቦይና የሚባል ሥራ ሥር አካፈሉኝ። እየበላን ስለ ፈረስ ውድድር ምን እንደማውቅ ጠየቁኝ። እኔ የማውቀው ጉግስ ነው። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ሰሞን ሲጫወቱ አይቻለሁ፤ ወገን ለይተው በዘንግ ይወራወራሉ፣ በጋሻ ይመክታሉ፣ አቧራው ሰውና ፈረሱን አንድ ያደርገዋል። ልጄን እዚያ ውስጥ አስገብቼ ላያት አልችልም አልኩ።

እሳቸው ጉግስን አልናቁም። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፣ ለእሱ ገና ናት አሉ። ከዚያ በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ ሌሎቹን አስረዱኝ። ሽምጥ ጋልቦ ቀድሞ የሚደርስበት አለ፤ እዚያ የሚያሸንፈው ፈረሱ ነው፣ ሰውየው ግን ፈረሱ ተሸክሞት የመጣ ዕቃ ነው አሉ። ቀኑን ሙሉ በአገር አቋራጭ የሚኬድበት ረጅም ውድድርም አለ። በየመንገዱ የእንስሳት ሐኪም ቆሞ የፈረሱን ልብ ያዳምጣል፤ ልቡ ካልተረጋጋ አንደኛ እንኳ ቢሆን ይታገዳል። ይህን ወደድኩት። ለልጆችም እንዲህ ያለ ሐኪም በየመንገዱ ቢቆም አልኩ በሆዴ።

ዝላይን ሲያስረዱኝ ግን ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ጎትተው ሁለት ምሰሶ ላይ ወደተጋደመ የባሕር ዛፍ እንጨት ወሰዱኝና በጣቴ እንድገፋው አደረጉ። ወዲያው ወደቀ።

"አየሽ?" አሉኝ። "እንጨቱ የተቀመጠው እንዲወድቅ ተብሎ ነው። ፈረሱ ብትነካው እንጨቱ ይወድቃል፣ ነጥብ ይቀነሳል፣ አበቃ። አንቺ አጥር ነው ብለሽ ነው የፈራሽው።"

የመጨረሻው ድሬሳዥ የሚሉት ነው። ሜዳው ዙሪያ ፊደል ይቀመጣል። ጋላቢው ከዚህ ፊደል እስከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ደንገላሳ እየቀያየረ ይሄዳል፤ ዳኛ ተቀምጦ ፈረሱ ምን ያህል ተረጋግቶ እንደሚታዘዝ፣ ሰውየውም ምን ያህል ሳይንቀሳቀስ እንደሚያዝዝ ያያል። ማንም አይቸኩልም አሉ። ቀና ብለው አዩኝና፣ "ላንቺ ብለው የሠሩት ነው የሚመስለው" አሉኝ።

ሳቅሁ። ልጣላ ሄጄ ስቄ ተመለስኩ። ምሕረት በእሱ እንድትጀምር ፈቀድኩ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜም አጥሩን ይዤ አይ ጀመር።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ቦራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ ተሸጋገረ። ለሚያውቅ ሰው ያ ቀላል ነገር ነው። ለእኔ ግን ልጄ ከምድር ተነሥታ የበረረች መሰለኝ። "በቃ!" ብዬ ጮህኩ። ፈረሱ ባሰበት። "በቃ! በቃ!" አልኩ። በጮህኩ ቁጥር ይብሳል። የሜዳው አጥር በአስፋልቱ በኩል ክፍት ነበር፤ ቦራ ወደዚያ ዞረ፤ ባጃጆቹ ሲያልፉ ይታየኛል።

ጋሽ ዳልኬ አልሮጡም። ወደ እኔ መጥተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ነጠላዬን ነከስኩ። ከዚያ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው እንደሚያናግሩ ሁሉ በወላይትኛ አንዲት ቃል ተናገሩ። "ኤቃ" አሉ፤ ቁም ማለት ነው። ቦራ አራት እርምጃ ሳይሄድ ቆመ። ምሕረት ግን አልቆመችም፤ በአንገቱ ላይ አልፋ ሄደች። እንደተማረችው ተጠቅልላ ወደቀች፣ ሣሩ ላይ ተንከባለለች፣ ተነሣች። ክርኗ ተልጧል። እየሳቀች ነበር።

"እማ፣ ወደቅሁ እኮ" አለችኝ። የምፈራውን ነገር በእኔ ፈንታ ሠርታ የጨረሰችልኝ ይመስል።

ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን እንዴት እንደሆነ አላወቅሁም። ጋሽ ዳልኬ ናቸው ያስረዱኝ። ቦራ ከቢጠና ከተማ ወዲያ ከአንድ ገበሬ የተገዛ ነው። አማርኛ አያውቅም። በወላይትኛ "ባ" ማለት ሂድ ነው። እኔ በቃ፣ በቃ ስል እሱ የሚሰማው መጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ ነው። ሂድ፣ ሂድ እያልኩ ልጄን አስፋልት ላይ ልጥላት ነበር። እቤቴ ወላይትኛ የምናገር ሰው፣ ልጄ በትምህርቷ እንድትጎብዝ ብዬ እሷን በአማርኛ ነበር የማናግራት፤ ስደነግጥም የወጣኝ እሱ ሆነ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "ፈረሱ በምን ቋንቋ እንደምትሰማ አልነገርኩሽም። ለልጅቷም አልነገርኩም። ለሚጋልብ ሰው አይደበቅም፤ ዋናው ሕግ ይህ ነው፣ እኔ ራሴ ረሳሁት። ከዛሬ ጀምሮ የቦራን ሆድ ቁርጠት እንኳ እነግርሻለሁ።"

ነገሩኝም። በየቅዳሜው ገና ሳልቀመጥ፣ ዛሬ የፊት እግሩን ያመዋል፣ ዛሬ ዝናብ ስላለ ተቆጥቷል፣ ዛሬ ምሕረት ሐሳቧ ፈተና ላይ ነው ብለው ይነግሩኛል። ሁሉንም ማወቅ የበለጠ የሚያስፈራኝ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አልሆነም። የማውቀውን ያህል ብቻ እፈራ ጀመር፤ ከዚያ በፊት የምፈራው የማላውቀውን ሁሉ ነበር።

ከዚያ ሥራ ሰጡኝ። በድሬሳዥ ለጀማሪ አንድ ሰው ዳር ቆሞ የሚሠራውን በቅደም ተከተል እንዲያነብለት ይፈቀዳል። አንባቢዋ አንቺ ነሽ አሉኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ሰው ፊት ማንበብ ያሳፍረኛል፣ ቀስ ብዬም ነው የማነበው አልኳቸው። ቀስ ብላ የምታነብ ሰው ነው የምፈልገው አሉ። ስትጮሂ ድምፅሽ አስፋልት ይደርሳል፤ ያን ያህል ድምፅ ሥራ ፈትቶ መቅረት የለበትም አሉኝ።

ፊደሎቹን በቢጫ ጀሪካኖች ላይ በጥቁር ቀለም ጻፉ። ውጭ አገር በላቲን ነው አሉ፤ ለእኔ ብለው በአማርኛ አደረጉት። ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ ቀ፣ በ፣ ተ። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ይዤ እስከ ቀ በደህና ደረስኩ። "በ ላይ ሲደርስ..." ከማለቴ ቦራ ተነሥቶ ሄደ። ምሕረት ወላይትኛዋን ተጠቅማ አቆመችው። ጋሽ ዳልኬ እስኪያስላቸው ሳቁ። የበ ጀሪካን ያን ዕለት ከሜዳው ወጣ፤ አፉን ቆርጠው የቦራ ውኃ መጠጫ አደረጉት።

ግን በ ፊደል ብቻ አይደለም። ወረቀቱ በሶምሶማ፣ በቀኝ፣ በግራ ይላል። ሁሉንም ተቀምጠን ሰረዝን። በ ሳይሉ አማርኛ መናገር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሞክራችሁ እዩት። "ሶምሶማ፣ ከሀ እስከ መ። ቀኝ ዙሪ። ሰ ላይ ቁሚ።" እሳቸውንም ሜዳው ላይ ባልደራስ ብሎ መጥራት ተከለከለ፤ ያ ስም የሚጀምረው በዚያችው ድምፅ ነውና። አጥሩን አልፎ የገባ ሰው ሁሉ ጋሼ ብቻ ነው የሚላቸው።

ምሕረት አሥራ ስድስት ሲሞላት ከሐዋሳና ከሌላ ቦታ ጋላቢዎች መጥተው እዚሁ ሜዳ ላይ ትንሽ ውድድር ተደረገ። ዳኛው መነጽር ያደረገ ጨዋ ሰው ነው። ሜዳውን ዞሮ ጀሪካኖቹን ካየ በኋላ፣ "በ የት ሄደ?" ብሎ ጠየቀ።

"ሮጣ ሄዳለች" አሉት ጋሽ ዳልኬ።

ሰውየው አልገባውም፤ እኛም አላስረዳነውም። ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራነው እሱን ነው። ምሕረት ከአምስት ጋላቢ አራተኛ ወጣች። ጋሽ ዳልኬ ደስታቸው የአንደኛ ነበር። ቦራ አንድም ጊዜ ጆሮዋን አላጠፈችም ይሉ ነበር ለሰው ሁሉ፤ አራተኛ መሆኗን የሚነግሩት ሲጠየቁ ብቻ ነው።

ትምህርቷን ስትጨርስ አዲስ አበባ ለሚያውቁት ሰው ደብዳቤ ጻፉላትና ተቀበሏት። እኔ እንቢ አልኩ። አባቷ ርቆ ነው የሚሠራው፣ እቤት ያለነው ሁለታችን ነን፣ መንገዱ ያስፈራኛል፣ ከተማው ያስፈራኛል። ዝላይ ልትማር ነው፤ እሱም ያስፈራኛል። በቃ፣ እዚህ የተማረችው ይበቃታል አልኩ። ወር ሙሉ እንዲህ ስል አንድ ቀን እንኳ አልተከራከሩኝም። አንድ ቅዳሜ ብቻ ቦራን እያሹ፣ "የምሕረት እናት፣ አንቺ በቃ ስትይ ቦራ ምን እንደሰማች ታስታውሻለሽ?" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። በሚቀጥለው ሳምንት ልጄን መናኸሪያ ሸኘኋት።

አሁን ለምን እንደምትደውል ልናገር። በዝላይ አንባቢ አይፈቀድም፤ ጋላቢው ቅደም ተከተሉን በራሱ መያዝ አለበት። ምሕረት ጠዋት መሰናክሎቹን በእግሯ ዞራ ታያለች፣ ከዚያ ትደውልና አንድ በአንድ ትነግረኛለች። እኔ መልሼ አነብላታለሁ። እኔ ካላነበብኩላት አይያዘኝም ትላለች። እውነቷን ይሁን እንዳልሰጋ ብላ አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ የሆስፒታሉ ጓሮ፣ አንሶላ የሚሰጣበት ቦታ ቆሜ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

"እማ፣ ልጀምር? አሥራ አንድ ነው ዛሬ።"

አፌ ላይ ሁለቱም ነበሩ። ጀምሪ ማለት ቀላሉ ነው። አስቴርም ሌላውም ሰው ልክ ነሽ ይለኝ ነበር። ደግሞ በአገራችንም መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ አጠገብ ተቀምጦ ነው። የሚወድቅ ሰው ዓይኔ ላይ መጣ፤ ቀጥሎ ባርኔጣቸውን ያወለቁት ሰው መጡ።

"ቆይ" አልኳት። "መጀመሪያ የምነግርሽ አለ። ጋሼ አርፈዋል። ዛሬ ንጋት ላይ።"

ከወዲያ ማዶ ፈረስ ሲያሽካካ ይሰማኛል። አይዞሽ አላልኩም፤ ሳታለቅስ አታልቅሺ አላልኩም።

"እንዳትነግሪኝ አላሉሽም?" አለችኝ።

"ብለውኛል።"

"ታዲያ?"

"ለሚጋልብ ሰው አይደበቅም።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ሲበርድላት፣ "እማ፣ ልተወው?" አለች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አዎ ማለት ፈልጌ ነበር። ግን ያ ውሳኔ የጋላቢ ነው። የማውቀውን ነግሬያታለሁ፤ የቀረው የእሷ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ መቁጠር ጀመረች፤ ነጩ አጥር፣ የጡብ ሥዕል ያለው፣ ድርብ እንጨቱ... አራተኛው ላይ ድምጿ ተቆረጠ። ጠበቅኋት። አሥራ አንዱንም ነገረችኝ። አሥራ አንዱንም ቀስ ብዬ መለስኩላት።

"ሌላስ?" አለችኝ።

በአማርኛ ብነግራት ሂጂ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እሳቸው ለፈረስም ለሰውም፣ ለወንድም ለሴትም አንድ አድርገው የሚሏትን ቃል ነው ያልኳት።

"ባ" አልኳት።

ከቀብር መልስ ሜዳው ዳር ባለው የጋሼ ግቢ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ውድድሩ ከጀመረ አንድ ሰዓት ቆጥሬያለሁ፣ ሁለት ልቆጥር ነው፤ ነጠላዬ ሥር ስልኬን እንደ ጫጩት ይዣታለሁ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ተንቀጠቀጠች። አውጥቼ አነበብኩ። "አንድ እንጨት ጣልኩ። እኔ አልወደቅሁም" ይላል።

አስቴር አጠገቤ ነበረች፤ ስልኩን ሰጠኋት። አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ነገርሻት?"

"ነገርኳት።"

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። መልእክቱን ደግማ አነበበች፤ ከዚያ ለቅሶ ላይ የማይሳቅ ሳቅ አፈናት። "እንዲወድቅ ተብሎ ነው የተቀመጠው ይሉ ነበር እኮ" አለች በእንባዋ መሃል። እኔም ሳቄን ልደብቅ በድንኳኑ ጀርባ ወጣሁ። ሜዳው ባዶ ነው፤ ጀሪካኖቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ ቀ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ተ። ቦራ አጥሩ ጥግ ቆማለች። እኔን ስታይ ጆሮዋን ወደ ፊት አደረገች፤ ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በ የተጻፈበት ጀሪካን ውስጥ አፏን ከተተችና ውኃዋን ትጠጣ ጀመር።